«ሱሪ የወንድ ነው»፦ ስለ ልጆች የጾታ ዕድገት ለቀረቡ ሦስት ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። የሁለት ልጆች አባት ነኝ፤ ሴቷ 5 ዓመቷ ነው፣ ወንዱ ደግሞ 3 ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። እኔና ባለቤቴ ልጆቻችንን «ይህ የወንድ፣ ያ የሴት» እያልን ላለማሳደግ ገና ከጅምሩ ተስማምተን ስለነበር መጫወቻውንም ልብሱንም ሳንለይ ነው የምንገዛላቸው። ይሁንና ሴቷ ልጃችን ከአንድ ዓመት ወዲህ ሱሪ አልለብስም ብላ በየጠዋቱ ታለቅሳለች። ምክንያቱን ስንጠይቃት «ሱሪ የወንድ ነው» ትላለች፤ ይህን የምትለው ግን ሱሪ የለበሰች እናቷ ፊቷ ቆማ እያለች ነው። ታናሽ ወንድሟ በበኩሉ «ሳድግ እናት እሆናለሁ» ይላል፤ ብናስረዳውም አይሰማም። አማቴ «ተፈጥሮ ነው፣ አትልፉ» ይሉናል፤ እህቴ ደግሞ «ከጓደኞቻቸው የለመዱት ነው» ትላለች። ከሁለቱ ማን ነው ትክክል? ትንሹ ልጃችን የሚለውስ ሊያሳስበን ይገባል?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ በደብዳቤዎ ውስጥ ካለው ሁሉ ዋነኛውን ማስረጃ የጠቀሱት እንደ ዋዛ ነው፤ ልጅዎ «ሱሪ የወንድ ነው» ስትል እናቷ ሱሪ ለብሳ ፊቷ ቆማ ነበር። ይህች ትንሽ ትዕይንት አማትዎንም እህትዎንም በአንድነት የምታስቸግር ናት። ስለ ሱሪ የሚያውቅ ዘረ መል በማንም ክሮሞሶም ላይ የለም፤ ስለዚህ ነገሩ በቀጥታ ከተፈጥሮ የመጣ ሊሆን አይችልም። ልጅቱ ያየችውን ብቻ የምትቀዳ ብትሆን ኖሮ ደግሞ ከማንም በፊት የምትቀዳው እናቷን በሆነ ነበር። እንግዲህ በመሃል አንድ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው፤ እርሱም ልጅቱ ራሷ በአእምሮዋ የሠራችው ደንብ ነው። ወደ እርሱ ከመድረሳችን በፊት ግን ነገሩን ከሥሩ መጀመር ይሻላል።

ፅንስ እስከ 6ኛው ሳምንት ገደማ ድረስ፣ ክሮሞሶሙ እንደ ሴት ኤክስኤክስም ይሁን እንደ ወንድ ኤክስዋይ፣ በአካሉ ወንድ ወይም ሴት ተብሎ አይለይም። ወደ ቆለጥም ወደ ኦቫሪም (የሴት እንቁላል ወደሚይዘው ዕጢ) ሊያድግ የሚችል ዕጢ አለው፤ ለወንድም ለሴትም የውስጥ ብልት የሚሆኑ ሁለት ዓይነት ቱቦዎችን ጎን ለጎን ይዞ ይቆያል። በዋይ ክሮሞሶም ላይ የሚገኘውና ተመራማሪዎች በ1990 ለይተው ያወጡት ኤስአርዋይ የተባለው ዘረ መል ሥራውን ሲጀምር ዕጢው ቆለጥ ይሆናል፤ ቆለጡም ከ8ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ቴስቶስቴሮን የተባለውን ሆርሞን ያመነጫል፣ በሌላ ሆርሞን አማካይነት ደግሞ ወደ ማኅፀን ሊያድግ የነበረውን ቱቦ ያከስማል። ፈረንሳዊው አልፍሬድ ዦስት በ1940ዎቹ በጥንቸል ፅንሶች ላይ ባደረገው ሙከራ፣ ቆለጡ በጊዜ የተወገደ ፅንስ ክሮሞሶሙ የወንድ ቢሆንም አካሉ እንደ ሴት እንደሚያድግ አሳይቷል። ከዚህ ተነሥተው ሴትነትን «ትእዛዝ ሲጠፋ የሚቀር ነገር» አድርገው የጻፉ ብዙዎች ነበሩ፤ ኋላ እንደታወቀው ግን ኦቫሪም የሚገነባው የራሱን ዘረ መሎች ትእዛዝ ጠብቆ ነው።

ይህ ሁሉ አካልን ያስረዳል፤ «ሴት ነኝ» የሚለውን ቃልም ሆነ ስለ ሱሪ የሚፈሰውን እንባ ግን ብቻውን አያስረዳም። ሆርሞኑ በጨዋታ ምርጫ ላይ ጭምር አሻራ እንደሚተው የሚያሳዩ ማስረጃዎች አሉ፤ ለሁለተኛዋ ጠያቂ በምሰጠው መልስ እመለስባቸዋለሁ።

ልጅ ተወልዶ ዓይኑን ሳይገልጥ ደግሞ በዙሪያው ያሉት ሰዎች ዓይን ሥራውን ይጀምራል። በ1976 ጆን ኮንድሪና ሳንድራ ኮንድሪ የተባሉ ተመራማሪዎች 204 ለሚሆኑ ሰዎች አንድ ፊልም አሳዩ። በፊልሙ የ9 ወር ሕፃን አጠገብ ከሣጥን ውስጥ በድንገት ብቅ የሚል አሻንጉሊት ይቀመጣል፤ አሻንጉሊቱ ደጋግሞ ብቅ ሲል ሕፃኑ ይደነግጥና ያለቅሳል። ፊልሙ አንድ ነው፣ ሕፃኑም አንድ ነው። «ወንድ ነው» የተባሉት ተመልካቾች ግን ለቅሶውን ይበልጥ እንደ ቁጣ ተረጎሙት፤ «ሴት ናት» የተባሉት ደግሞ ፍርሃት ነው አሉ። እንግዲህ የተቆጣን ልጅና የፈራን ልጅ የምናባብልበት መንገድ የተለያየ መሆኑን ያስቡ። እርስዎና ባለቤትዎ መጫወቻውን ሳትለዩ መግዛታችሁ የሚመሰገን ነው፤ የድምፃችሁን ቃና ግን ማንም ወላጅ በዕቅድ ሊመራው አይችልም።

አልበርት ባንዱራና ተከታዮቹ ያቀረቡት የማኅበራዊ ትምህርት ንድፈ ሐሳብ የቆመው በዚህ ላይ ነው፤ ልጅ የሚመስሉትን ያያል፣ ይቀዳል፣ ሲመሰገን ይደግመዋል፣ ሲሣቅበት ይተወዋል። ባንዱራ በ1961 ባደረገው ዝነኛ ሙከራ፣ አንድ ትልቅ ሰው የፕላስቲክ አሻንጉሊት ሲደበድብ ያዩ ልጆች ድብደባውን እንደቀዱ፣ ወንዶቹም በተለይ ደብዳቢው ወንድ ሲሆን አብዝተው እንደቀዱ ታይቷል። የእህትዎ ሐሳብ የዚህ ወገን ነው፤ «ከጓደኞቻቸው» ማለታቸውም ያለ ነገር አይደለም፣ ልጆች ከ3 ዓመታቸው ጀምሮ ከየጾታቸው ጋር ብቻ መጫወትን ይመርጣሉና። ሆኖም በ1991 ሊተንና ሮምኒ 172 ጥናቶችን አሰባስበው ሲመዝኑ፣ ወላጆች በአብዛኛው ነገር ወንድና ሴት ልጆቻቸውን የሚይዙበት መንገድ ከተገመተው በላይ ተመሳሳይ ሆኖ ተገኝቷል፤ ጎልቶ የወጣው ልዩነት «ለጾታው የሚስማማ» ለሚባለው ጨዋታ የሚሰጡት ማበረታቻ ነበር። እናም ወላጅን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ አይቻልም።

አሁን ወደ ትንሹ ልጅዎ ልምጣ። የሥነ ልቦና ባለሙያው ሎረንስ ኮልበርግ በ1966 እንዳስረዳው፣ ልጅ ጾታን የሚረዳው በአንድ ጊዜ ሳይሆን ደረጃ በደረጃ ነው። በ2 እና በ3 ዓመት መካከል «ወንድ ነኝ» ወይም «ሴት ነኝ» ማለትን ይችላል፤ ነገር ግን ይህ ለእርሱ እንደ ስም ያለ ነገር ነው። ወደ 4 እና 5 ዓመት ሲጠጋ ወንድ ልጅ አድጎ አባት እንጂ እናት እንደማይሆን ይገባዋል። ፀጉሩን ቢያስረዝም፣ ቀሚስ ቢለብስ፣ በአሻንጉሊት ቢጫወትም ያው ወንድ መሆኑን አጥብቆ የሚረዳው ደግሞ በ6 እና በ7 ዓመት አካባቢ ነው። በ1975 ስላቢና ፍሬይ የተባሉ ተመራማሪዎች ልጆችን «ሕፃን ሳለህ ወንድ ነበርህ ወይስ ሴት?»፣ «ስታድግ እናት ትሆናለህ ወይስ አባት?» እያሉ ጠይቀው ነበር። የእርስዎ ልጅ ማንም ሳይጠይቀው የመለሰው ይህንኑ የሁለተኛውን ደረጃ ጥያቄ ነው፤ የመለሰውም የ3 ዓመት ከመንፈቅ ልጅ በሚመልስበት መንገድ ነው። ቁመት ይለወጣል፣ ጥርስ ይለወጣል፣ ትላንት መራመድ የማይችለው ዛሬ ይሮጣል፤ ጾታ ብቻ የማይለወጥበትን ምክንያት ለምን አስቀድሞ ይወቅ? በዚህ አነጋገሩ የሚያሳስብ ነገር የለም፤ በክርክር ማረምም አያስፈልግም።

በኮልበርግ ላይ የሚነሣው ዋና ተቃውሞ ጊዜን የሚመለከት ነው። እርሱ እንደሚለው ልጁ ለጾታው የሚስማማውን በርትቶ መፈለግ የሚጀምረው ጾታው እንደማይለወጥ ከገባው በኋላ መሆን ነበረበት፤ ነገር ግን የመጫወቻ ምርጫ ልዩነት ሁለተኛ ዓመታቸውን ባልጨረሱ ሕፃናት ላይም ይታያል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሳንድራ ቤም በአንድ በኩል፣ ካሮል ማርቲንና ቻርልስ ሃልቨርሰን በሌላ በኩል ያቀረቡት የስኪማ ንድፈ ሐሳብ የመጣው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። ስኪማ ማለት ልጁ ያየውን የሚደለድልበት የአእምሮ መደብ ነው። ልጁ «ወንድ» እና «ሴት» የሚሉትን ስሞች እንዳወቀ ወዲያው ሁለት መደብ ይከፍታል፤ ከዚያ በኋላ የሚያየውን ሁሉ በእነርሱ እየደለደለ ያስቀምጣል፣ በይበልጥም ስለ ራሱ መደብ ለማወቅ ይጓጓል። ከመደቡ ጋር የማይስማማ ነገር ሲያጋጥመው ብዙ ጊዜ መደቡን አያፈርስም፤ ያየውን ይለውጠዋል። ማርቲንና ሃልቨርሰን በ1983 የ5 እና የ6 ዓመት ልጆችን ሥዕል አሳይተው ከሳምንት በኋላ ሲጠይቋቸው፣ እንጨት በመጋዝ የምትቆርጥ ሴት ልጅ ያዩት «ወንድ ነበር» ብለው እስከማስታወስ ደርሰዋል። ዋሹ ማለት አይደለም፤ ትዝታቸው ራሱ ሥዕሉን ወደ መደቡ መልሶ አስተካክሎታል።

የልጅዎም ጉዳይ ይኸው ነው። የእናቷን ሱሪ ዓይኗ አላጣውም፤ ነገር ግን በ5 ዓመቷ ከአንዲት እናት ይልቅ ደንቡ ይበልጥባታል። ይህ ግትርነት በ5 እና በ6 ዓመት ጫፍ ላይ ይደርስና ከ7 ዓመት በኋላ እየላላ እንደሚሄድ ልጆችን ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች አሳይተዋል፤ በጣም ግትር የነበሩትም ቢሆኑ በመጨረሻ የሚላሉት እንደ ሌሎቹ ነው። ስለዚህ በየጠዋቱ ከመታገል ይልቅ ቀሚሱን ፈቅዶ፣ ሱሪ የለበሱ ብዙ ሴቶችን በአጋጣሚ እንድታይ ማድረግ ይበቃል እላለሁ። አንድ ሰው ከደንቡ ሲወጣ ብታይ «እርሷ ብቻ ናት» ትላለች፤ ብዙ ስታይ ግን ደንቡን መጠራጠር ትጀምራለች።

ጥያቄ፦ የሥነ ልቦና ተማሪ ነኝ። በክፍል ውስጥ የዴቪድ ራይመር ታሪክ ሲነሣ ግማሾቻችን «ጾታ በተፈጥሮ የሚወሰን ለመሆኑ ማረጋገጫው ይኸው» አልን፣ ሌሎቻችን ግን አልተቀበልነውም። ፈተና ላይ እንዴት ብንጽፈው ይሻላል? ፍሮይድንስ ምን ያህል መጻፍ አለብን?

መልስ፦ ታሪኩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስታውስ። ራይመር በ1965 በካናዳ ከመንታ ወንድሙ ጋር ተወለደ። በ8 ወሩ በግርዛት ላይ በደረሰ አደጋ ብልቱ ጠፋ። በዚያ ዘመን ዝነኛ የነበረው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጆን መኒ፣ ልጅ ሲወለድ የጾታ ማንነቱ ገና ያልተጻፈበት ነው የሚል እምነት ስለነበረው፣ ሕፃኑ እንደ ሴት ልጅ እንዲያድግ ወላጆቹን መከረ፤ 2 ዓመት ሳይሞላውም ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። መኒ ለዓመታት ጉዳዩን እንደ ስኬት ሲያቀርበው ቆየ። ልጁ ግን በሴትነት ኑሮው ደስታ አላገኘም፤ በ14 ዓመቱ እውነቱ ሲነገረው ወንድ ሆኖ መኖርን መረጠ። ሚልተን ዳይመንድና ኪት ሲግመንድሰን በ1997 ይህን ይፋ ሲያደርጉ የመኒ ስም ክፉኛ ተጎዳ። ራይመር በ2004 በ38 ዓመቱ ሕይወቱ አልፏል።

አሳዛኝ ታሪክ ነው፤ ማስረጃነቱ ግን የክፍል ጓደኞችሽ የሚያስቡትን ያህል ጥርት ያለ አይደለም። ውሳኔው እስኪፈጸም ልጁ ወደ 2 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በወንድነት አድጓል፤ በአጠገቡ የሚነጻጸርበት መንታ ወንድም ነበረው፤ በልጅነቱ ሁሉ ሐኪም ቤት ሲመላለስ የኖረ ልጅ ነው፤ ወላጆቹም እውነቱን በውስጣቸው ይዘው ይጨነቁ ነበር። ከዚህ ሌላ በ1998 ሱዛን ብራድሊና ባልደረቦችዋ ያሳተሙት ሁለተኛ ታሪክ አለ። እርሱም ተመሳሳይ አደጋ በ2 ወሩ የደረሰበትና በ7 ወሩ ሴት ሆኖ እንዲያድግ የተወሰነለት ልጅ ታሪክ ነው። ይህች ሰው በ26 ዓመቷ ስትጠየቅ ራሷን እንደ ሴት የምትቆጥር ነበረች፤ ሆኖም በልጅነቷ የወንዶችን ጨዋታ ትወድ ነበር፣ የተሠማራችበትም ሙያ ከሞላ ጎደል የወንዶች ብቻ የሆነ ነበር። ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ብታስቀምጫቸው አንድ ነገር ይታይሻል፤ «እኔ ማን ነኝ» የሚለው ማንነትና «ምን ደስ ይለኛል» የሚለው ዝንባሌ በአንድ ገመድ የታሰሩ አይደሉም። ፈተና ላይ ብትጽፊው የምመርጠው ይህን ነው፤ አብዛኛው የተማሪ መልስ የሚበላሸው ሁለቱን አንድ አድርጎ ሲጽፍ ነውና።

ይህንኑ ልዩነት ይበልጥ የሚያጎላው በአድሬናል ዕጢ ላይ በሚደርስ የዘር ችግር ምክንያት በማኅፀን ሳሉ ከፍ ላለ የአንድሮጅን (ቴስቶስቴሮንን የመሰሉ የወንድነት ሆርሞኖች) መጠን የተጋለጡ ሴት ልጆች ጥናት ነው። ችግሩ ከ15,000 ውልደት በአንዱ ገደማ ይታያል። ሼሪ በረንባምና ሜሊሳ ሃይንስ በ1992 እንዳሳዩት፣ እነዚህ ልጆች ከጤነኛ ሴት ዘመዶቻቸው ይበልጥ በመኪናና በመገጣጠሚያ መጫወቻዎች ይጫወታሉ። ምናልባት ወላጆቻቸው እንደ ወንድ ስለሚይዟቸው ይሆን? በ2005 ቪኪ ፓስተርስኪና ባልደረቦችዋ ይህንኑ ፈትሸው የተገኘው ተቃራኒው ነው፤ ወላጆቹ እነዚህን ልጆች በሴት መጫወቻ ሲጫወቱ ከሌሎቹ ሴቶች ልጆቻቸው የበለጠ ያበረታቷቸው ነበር። እንዲያም ሆኖ በሴትነት ያደጉት አብዛኞቹ ራሳቸውን ሴት ብለው ነው የሚኖሩት። ሆርሞኑ ዝንባሌውን ገፋው፣ ማንነቱን ግን አልገለበጠውም።

ሚዛኑን ወደ ሌላ ወገን የሚያዘነብል ማስረጃም ስላለ አትዝለዪው። ጁሊያን ኢምፔራቶ መጊንሌይና ባልደረቦችዋ በ1970ዎቹ በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ያጠኗቸው ሰዎች ክሮሞሶማቸው ኤክስዋይ ሆኖ፣ አንድ ኢንዛይም ስለሚጎድላቸው ሲወለዱ የውጭ ብልታቸው የሴት የሚመስል፣ ለአካለ መጠን ሲደርሱ ግን በቴስቶስቴሮን ኃይል ወደ ወንድነት የሚለወጥ ነበር። በሴትነት ካደጉት 18 ሰዎች መካከል 17ቱ ማንነታቸውን ወደ ወንድነት እንደለወጡ ተዘግቧል። ሆርሞን ማንነትንም ያሸንፋል የሚሉ ወገኖች ይህን ይጠቅሳሉ። ተቃዋሚዎቻቸው ደግሞ አካሉ በዓይን እየታየ የወንድ ሲሆን ሰውየው በሌላ ማንነት መቀጠል ምን ያህል ይችል ነበር ብለው ይጠይቃሉ። በሌላ በኩል ሰውነታቸው ለአንድሮጅን ፈጽሞ ምላሽ የማይሰጥ፣ ክሮሞሶማቸው ኤክስዋይ የሆነ ሰዎች አሉ፤ ውጫዊ አካላቸው የሴት ነው፣ በሴትነት ያድጋሉ፣ አብዛኞቹም ሴት ነን ብለው ይኖራሉ። በዚህ ምክንያት «ዋይ ክሮሞሶም ካለ ወንድነት አለ» የሚል መልስ ከጻፍሽ ሙሉ ነጥብ አታገኚም።

የጦጣዎቹን ጥናት ከጠቀስሽ ደግሞ በጥንቃቄ ይሁን። በ2002 ጄሪያን አሌክሳንደርና ሜሊሳ ሃይንስ እንዳቀረቡት፣ ወንድ ጦጣዎች በኳስና በመኪና፣ ሴቶቹ ደግሞ በአሻንጉሊትና በድስት ረዘም ላለ ጊዜ ተጫውተዋል። ማኅበራዊ ትምህርት በሌለበት ልዩነት መታየቱ የሚያስገርም ነው፤ ነገር ግን ጦጣዋ ድስቱን ምን ልታበስልበት ፈለገችው? ለእኛ ድስት የሆነው ለእርሷ ቀለም ያለው ጎድጓዳ ዕቃ ነው፤ «የሴት መጫወቻ» የሚለውን ስም የሰጠነው እኛ ነን።

የሥነ ልቦና ትንተና መሥራች ስለሆነው ፍሮይድ ከአንድ አንቀጽ በላይ አትጻፊ። ከ3 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ ልጁ በኤዲፐስ ውጥረት (እናቱን ለራሱ ተመኝቶ አባቱን እንደ ተፎካካሪ በሚያይበት) ውስጥ አልፎ ከአባቱ ጋር ራሱን በማመሳሰል ወንድነትን ይይዛል የሚለው ሐሳብ በታሪክነቱ መታወቅ አለበት። ስለ ሴት ልጅ የሰጠው ማብራሪያ ገና በዘመኑ በሥነ ልቦና ተንታኟ በካረን ሆርናይ የተነቀፈ ነው፤ ያለ አባት ያደጉ ወንዶች ልጆችም ንድፈ ሐሳቡ እንደሚለው የጾታ ማንነት ችግር ሲገጥማቸው አይታይም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ መንገድ በጠፋን ቁጥር «የሴት አእምሮ ለካርታ አልተሠራም» ይለኛል። በሳይንስ የተረጋገጠ ነው ወይ?

መልስ፦ እንዲህ ተብሎ አልተረጋገጠም። ጃኔት ሃይድ በ2005 በወንድና በሴት የሥነ ልቦና ልዩነቶች ላይ የተሠሩ 46 የጥናት ማጠቃለያዎችን ስትመረምር፣ ከተለኩት ልዩነቶች ውስጥ 78 በመቶው ወይ ትንሽ ወይ ከምንም የማይቆጠሩ ሆነው አግኝታቸዋለች። ሰፋ ብለው ከታዩት አንዱ ዕቃ የመወርወር ፍጥነትና ርቀት ነው። በ2015 ደግሞ ዳፍና ዮኤልና ባልደረቦችዋ ከ1,400 በላይ የአንጎል ምስሎችን አይተው፣ ሁሉም ክፍሉ «የወንድ» ወይም ሁሉም ክፍሉ «የሴት» የሆነ አንጎል እምብዛም እንደማይገኝ፣ አብዛኛው ሰው የሁለቱ ቅይጥ እንደሆነ ጽፈዋል፤ በዚህ ትርጉም ላይ የተከራከሩ ተመራማሪዎችም አሉ። ባለቤትዎ የሚጠቀሙበት አንድ እውነት ቢኖር አንድን ቅርጽ በሐሳብ ማዞር በሚጠይቁ ፈተናዎች የወንዶች አማካይ ውጤት ከፍ ማለቱ ነው። ይህ ግን አማካይ ነው፤ ከብዙ ወንዶች የሚበልጡ ብዙ ሴቶች አሉ፣ ችሎታውም በልምምድ የሚሻሻል መሆኑ በተደጋጋሚ ታይቷል። በሚቀጥለው ጉዞ ካርታውን እርስዎ ይያዙት።